የከባዱ ድንጋይ ዝምታ

በልጅነቴ በኖርንበት ቤት አንዲት አምፖል ብቻ ነበረችን፤ እርስዋም ከጣራው መካከል በጨርቅ በተለበጠ ገመድ ተንጠልጥላ፣ ለአባቴ መዝሙረ ዳዊትና ለእኛ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ደብተር እኩል ታበራ ነበር። አንድ ማታ አባቴ፣ መሪጌታ ነበሩና፣ ንባባቸውን ሊፈጽሙ ጥቂት ሲቀራቸው አምፖሏ ብልጭ ብላ ጠፋች። እሳቸው ግን አላቋረጡም፤ የቀረውን በቃላቸው ጨርሰው፣ ከጸሎት በኋላ እንደ ልማዳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከተቀመጡ በኋላ (በዚያች ሰዓት በቤታችን ውስጥ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሕግ ነበር) ተነሥተው አምፖሏን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ፈቷት፤ ወደ ጆሯቸውም አስጠግተው ወዘወዟት። ከውስጧ መርፌ ብርጭቆ ሲነካ የሚያሰማውን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ክሯ ተበጥሷል» አሉ። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ስናያት፣ ከጠጉር የቀጠነችው ጥምልምል ክር ከአንደኛው ምሰሶ ተለይታ ተንጠልጥላ ነበር፤ አባቴም አምፖሏን ዘወር ዘወር አድርገው፣ የተበጠሰውን ጫፍ ከሌላው ጋር አገናኝተው፣ ወደ ቦታዋ መልሰው ቢያበሯት ጫፎቹ በግለቱ ተጣብቀው እንደገና በራች፤ እንዲያውም ክሯ በማጠሯ ከፊተኛው ይልቅ ደምቃ ጥቂት ቀን ቆየችና ለመጨረሻ ጊዜ ጠፋች።

ያች ክር የተሠራችበትን ማዕድን ስም ያወቅሁት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው፤ ተንግስተን ይባላል። ቃሉ ከስዊድኖች የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜውም «ከባድ ድንጋይ» ማለት ነው። ጀርመኖች ግን ቮልፍራም ይሉታል፤ ይኸውም በሳክሶንያ ተራሮች ቆርቆሮ ያቀልጡ የነበሩ ሰዎች፣ ይህ ጥቁር ድንጋይ ከማዕድናቸው ጋር ተደባልቆ እቶን በገባ ጊዜ የሚያወጡት ቆርቆሮ እየጎደለባቸው ስለ ተቸገሩ፣ ተኩላ በግ እንደሚበላ ቆርቆሯችንን በላብን ሲሉ በተኩላ ስም የሰየሙት ነው። በ1781 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሼፒንግ በምትባል ትንሽ የስዊድን ከተማ መድኃኒት ቤት የነበረው ካርል ቪልሄልም ሼሌ፣ ነጩን ከባድ ድንጋይ በአሲድ አሟሙቶ፣ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ የሚኖር፣ እስከዚያ ዘመን ማንም ያላወቀው ሌላ አሲድ እንዳለበት ገለጠ፤ ብረቱን ግን አላወጣውም። ብረቱን ያወጡት ከሁለት ዓመት በኋላ በስፔን ባስክ አገር፣ በቤርጋራ ከተማ፣ ሁዋን ሆሴና ፋውስቶ ኤሉያር የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ እነርሱም ከጥቁሩ ድንጋይ ያገኙትን ቢጫ ዱቄት ከከሰል ጋር አግለው ለዩት። ሼሌ በ43 ዓመቱ ሞተ፤ ያ ነጭ ድንጋይ ግን ኋላ በስሙ ሼላይት ተባለ፣ የዚህም ጽሑፍ ነገር የሚያርፈው በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው።

ክብደቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ተንግስተን 19.25 ግራም ሲመዝን ያንኑ የሚያህል ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናልና፣ አርኪሜዲስ የንጉሥ ሂኤሮን ዘውድ ጥሩ ወርቅ መሆኑንና አለመሆኑን በውኃ መረመረበት የሚባለው ያ የታወቀ ብልሃት፣ ዘውዱ ውስጡ ተንግስተን ላዩ ወርቅ ቢሆን ኖሮ ሊቁን ራሱን ባሳሳተው ነበር፤ በዘመናችንም አታላዮች ይህን አውቀው ሠርተውበታል። ሚዛን ብቻውን ምስክር ሆኖ ሲቆም ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት አልቻለም ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር እሳት ነው፤ ወርቅ በእሳት ይፈተናል የሚለው የአበው ብሂልም እዚህ ላይ ምሳሌነቱን ትቶ ቃል በቃል ይሠራል፤ ወርቁ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ ሲፈስ፣ ከብረታ ብረት ሁሉ በመጨረሻ የሚቀልጠው ተንግስተን እስከ 3422 ዲግሪ ድረስ ስለማይበገር፣ በቀለጠው ወርቅ መካከል ደረቅ ሆኖ ይቀርና ይጋለጣል። ይህን የሁለት ምስክሮች ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ለአምፖል ክርነት ያስመረጠውም ይኸው በቶሎ አለመቅለጡ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለ ነበረ፣ ዊልያም ኩሊጅ የተባለው አሜሪካዊ በ1910 ገደማ አግሎና ቀጥቅጦ እንደ ሽቦ እንዲሳብ እስኪያደርገው ድረስ የክሩ ሥራ እጅግ አድካሚ ነበር። የአባቴ አምፖል የዚያ ድካም ፍሬ ናት። አሁን ግን ከብርሃኑ ወደ ጨለማው ልሻገር።

በኢጣሊያ፣ አፔኒን በሚባለው ሰንሰለታማ ተራራ ውስጥ፣ ግራን ሳሶ ከተባለው ጫፍ በታች፣ 1400 ሜትር ውፍረት ያለው ዐለት የተጫነው ዋሻ አለ። በዚያ ዋሻ ከሚሠሩት ምርምሮች አንዱ ክሬስት ይባላል። የምርምሩ ዋና መሣሪያ ከሼሌ ድንጋይ ጋር በባሕርይ አንድ የሆነ፣ ማለት ከካልሲየም ከተንግስተንና ከኦክሲጅን የተዋሐደ፣ በእቶን ውስጥ ቀስ በቀስ ተንጠባጥቦ ሳይሆን እንደ ቡቃያ ከቀለጠው ውስጥ እየተሳበ ያደገ፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ክሪስታል ነው። ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ክሪስታሎች ቁመታቸውም ወርዳቸውም አራት አራት ሴንቲሜትር፣ ክብደታቸው 300 ግራም ያህል ነበር፤ ማለት አንዱ በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ክብደቱ ግን መጠኑን አይቶ የገመተውን ሰው ያሳፍረዋል። ይህን ክሪስታል በእርሳስና በመዳብ ከልለው፣ ከፍጹማዊው የቅዝቃዜ ወሰን በላይ የዲግሪ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ እስኪቀረው ድረስ አቀዝቅዘው፣ በጨለማ ውስጥ አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

የሚጠብቁት ምንድር ነው? ፍሪትስ ዝቪኪ በ1933 በአንድ የጋላክሲዎች ስብስብ ላይ፣ ቬራ ሩቢንም ከባልደረባዋ ጋር በ1970ዎቹ በጋላክሲዎች አዟዟር ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የሚታየው ከዋክብትና ጋዝ ብቻውን ይህን ሁሉ በአንድነት አስተሳስሮ ሊይዝ የማይችል መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ሊቃውንት ብርሃን የማይሰጥ፣ ብርሃንም የማይቀበል፣ በክብደቱ ብቻ የሚታወቅ ሌላ ቁስ አለ ይላሉ፤ በስሌታቸውም በዓለም ካለው ቁስ ከስድስት እጅ አምስት እጅ ያህሉ ይኸው ጨለማው ቁስ ነው። እኛ ግዙፉን ዓለም ስንል የኖርነው እንግዲህ ከስድስት አንዱን እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ከረቂቁ ወገን አንዲት ቅንጣት በክሪስታሉ ውስጥ ስታልፍ ከአንዱ አስኳል ጋር ብትጋጭ፣ ክሪስታሉ እጅግ ጥቂት ይሞቃል፤ ያን ሙቀት የሚለካው ቴርሞሜትርም ራሱ በክሪስታሉ ላይ የተቀባ ስስ የተንግስተን ቅብ ነው። በዚያው ቅጽበት ክሪስታሉ ፈዛዛ ብርሃን ይሰጣል፤ ያንንም ሌላ መሣሪያ ይቀበለዋል። ተራው ጨረር ሲመታው ብርሃኑ ብዙ ነው፤ አስኳል ሲመታ ግን ሙቀቱ ያው ሆኖ ብርሃኑ ይደክማል። ሙቀትና ብርሃን በአንድነት ቀርበው ቃላቸው ካልተመዛዘነ በቀር ነገሩ አይጸናም። በኦሪትም በፍትሐ ነገሥትም የሰውን ነገር በአንድ ምስክር አለመፍረድ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ይህን ሥርዓት ከምድር በታች፣ ሁለቱም ምስክሮች ከአንድ ድንጋይ በወጡበት ችሎት ላይ ሳገኘው፣ ደስ ብሎኛል ከማለት ሌላ የምጨምረው የለኝም።

በ2011 ዓ.ም. ተመራማሪዎቹ፣ ስንጠብቀው የኖርነውን በሚመስል ስፍራ ላይ 67 ምልክቶች አግኝተናል፣ በምናውቃቸው የስሕተት ምንጮች ብቻ ይህን ሁሉ ልንተረጉመው አልቻልንም ብለው አስታወቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ደወል ይደውል ነበር። እነርሱ ግን ወደ ራሳቸው ዕቃ ተመለሱ። የሐሰት ምልክት ሊወጣበት ይችላል ከተባለው ቦታ አንዱ፣ ክሪስታሉን ጨብጠው የያዙት ትናንሽ መያዣዎች ገጽ ነበረ፤ በዚያ ገጽ ላይ ያለች አንዲት የፖሎኒየም አቶም ስትፈርስ የምትወረውረው የእርሳስ አስኳል፣ ክሪስታሉን ሲመታ የሚጠበቀውን እንግዳ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አያያዙን ለውጠው፣ ከመያዣው የሚመጣው ሁሉ ራሱን የሚገልጥበትን ብልሃት አበጅተው፣ በ2014 የአዲሱን ልኬት ውጤት ሲያወጡ፣ የፊተኛው ትርፍ ምልክት አልተገኘም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የገዳመ አስቄጥስ አባቶች ነገር ነው። ለአንዱ መነኩሴ ጋኔን በብርሃን መልአክ አምሳል ተገልጦ ወደ አንተ ተልኬአለሁ ቢለው፣ እርሱ መልእክቱ ለእኔ ላይሆን ይችላልና ወደ ሌላ የተላክህ እንደ ሆነ ተመልከት፣ እኔ ይህ አይገባኝም ብሎ መለሰለት፤ ጋኔኑም ጠፋ ይባላል። መናፍስትን መለየት በአበው ዘንድ ራእይ ከማየት ይልቅ የሚከብር ጸጋ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው የሚናፍቀውን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰማው የሚችለው ከገዛ ጣቱ፣ የናፈቀውን ጨብጦ ከያዘበት ከእጁ ነውና። ተመራማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ከትሕትና ይሁን ከጥንቃቄ አላውቅም፤ ምናልባት ልዩነቱ እነርሱን አያስጨንቃቸውም። እኔን ግን ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም እኛ ሃይማኖተኞች ነን የምንለው በየዕለቱ ሰባውንም ሰማንያውንም ምልክት፣ መያዣውን ሳንመረምር፣ ስንቀበል እንውላለን።

ሌላም ነገር ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ያንኑ ክሪስታል ሲጠባበቁ ሳሉ፣ ከማይፈልጉት አቅጣጫ አንድ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ከተንግስተን ወገኖች አንዱ፣ 180 የሚባለው፣ ሊፈርስ እንደሚችል በስሌት ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ እነርሱም በግልጽ ሲፈርስ፣ የሂልየም አስኳል ተፍቶ ወደ ሃፍኒየም ሲለወጥ አዩት። የዕድሜው እኩሌታም 1.8 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ተገኘ። ዓለም ከተፈጠረ አሁን በሥነ ፈለክ ሊቃውንት ስሌት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነውና፣ ይህ ከዓለም ዕድሜ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሳኦል የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት እንዳገኘ፣ እነዚህም ጨለማውን ቁስ ሊፈልጉ ገብተው፣ ጸንቶ ይኖራል ሲባል የነበረው ከባዱ ድንጋይ ራሱ ኃላፊ መሆኑን አገኙ። ቁጥሩን ለማቅለል ጥቂት ባሰላ፣ በአንድ ግራም ተንግስተን ውስጥ በዓመት የሚፈርሰው አንድ ወይም ሁለት አቶም ነው። የአባቴ አምፖል ክር ከግራም እጅግ ያነሰች ናትና፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እርስዋን እያየ ቢጠብቅ ምናልባት አንዲት ወይም ሁለት አቶም ትፈርስ ይሆናል፤ ብትፈርስም ድምፅዋ አይሰማም። ጠንካራ ነገር አይጠፋም የሚለው አሳባችን እንግዲህ ከትዕግሥታችን ማጠር የመጣ እንጂ ከነገሩ ባሕርይ የመጣ አይደለም።

ነገር ግን ዋናው እንግዳ ዛሬም አልመጣም። ክሪስታሎቹ እየጠሩና እያነሱ፣ መሣሪያው እየረቀቀ ሄዶ፣ የሚሰማው ድምፅ ከቀድሞው እጅግ ወደ ደከመው ወርዷል፤ ጨለማው ቁስ ግን ዝም ብሏል። ይህ ዝምታ ምንድር ነው? ጥያቄዬ ይህ ነው፤ እስከዚህ ያመጣሁትም ሁሉ ለእርሱ ነው።

የአንዳንድ ወዳጆቼ መልስ፣ «እነርሱም እኮ እንደ እኛ ናቸው፤ ያላዩትን ያምናሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ባይመጣም አይተዉም፤ ሳይንሳቸው ሃይማኖት ነው» የሚል ነው። ይህን አሳብ አልቀበለውም። በሁለቱም ወገን ላይ ግፍ ይመስለኛል። ተመራማሪው ከመጠበቁ አስቀድሞ፣ ይህን ያህል ጊዜ ጠብቄ ይህን ያህል ካልሰማሁ፣ ይህ ዓይነቱ ቅንጣት በዚህ ክብደትና በዚህ ኃይል የለም እላለሁ ብሎ ወሰን ያሰምራል፤ ዝምታውም ሲቆይ ከቤቱ አንዱን ክፍል ዘግቶ ቍልፉን ይወስዳል። ለእርሱ ዝምታ የልኬት ውጤት ነው፣ ይታተማል፣ ይከራከሩበታል። ጸሎት ግን እንዲህ ያለ ወሰን አስምሮ፣ እስከ ፋሲካ ካልመለስህልኝ አለመኖርህን አውጃለሁ ሊል አይችልም፤ ይህን ያለ ሰው ጸሎቱን ትቶ ፈተና ጀምሯል፣ አምላክን መፈታተንም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ተመራማሪውን አማኝ ማለት ድፍረቱን መንጠቅ ነው፤ አማኙንም ተመራማሪ ማለት ልመናውን መንጠቅ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ዝምታ ሁሉ ባዶነት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእነዚህ ከተንግስተን ታሪክ ሌላ ነገር ላንሣ። ኤርንስት ማኽ የተባለው የኦስትርያ ፈላስፋና የፊዚክስ ሊቅ፣ አቶም የሚባለውን ነገር ማንም አላየውምና ለስሌት የሚመች አሳብ እንጂ ህላዌ ያለው አድርጎ አይቀበለውም ነበር፤ በ1916 ሞተ። በጥቅምት ወር 1955 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ፣ ኤርቪን ሙለር ከተማሪው ከካንዋር ባሃዱር ጋር፣ ከመርፌ ይልቅ የሾለ የተንግስተን ጫፍ አቀዝቅዞ፣ በጥቂት የሂልየም ጋዝ መካከል ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢሰጠው፣ በፊቱ ባለው አብሪ መስታወት ላይ ክብ ክብ ሆነው የተደረደሩ የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩ፤ ነጠብጣቦቹም አንድ በአንድ አቶሞች ነበሩ። ሰው አቶምን ለይቶ ያየው በዚያን ጊዜ ነው ይባላል። ማኽ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቢቆይ ኖሮ መልሱን በዚህ በከባዱ ድንጋይ ጫፍ ላይ ባየው ነበር። ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥቶ፣ የማይታየው አንድ ጊዜ ስለ ታየ ሁለተኛውም ይታያል ማለት አይቻልም፤ ማኽ በአቶም ላይ ተሳሳተ እንጂ፣ አላየሁትምና አሳዩኝ ማለቱ ስሕተት አልነበረም። ጨለማው ቁስ አስኳልን ፈጽሞ የማይነካ፣ በክብደቱ ብቻ የሚኖር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ክሪስታሉ ሺህ ዓመት ቢቀመጥም አይሰማውም፣ ግን ጋላክሲዎቹ እንደ ተሳሰሩ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ቅዳሴያችን ስለ አምላክ ሲናገር አብዝቶ በአሉታ የሚናገርበትን ምሥጢር አስባለሁ፤ ኢይትረአይ፣ ኢይትመረመር፣ የሚለውን ዓይነት ቃል ሁሉ። በልጅነቴ እነዚህ «ኢ» የተባሉ ፊደላት በር የሚዘጉ ይመስሉኝ ነበር። የክሬስት ሰዎች ወረቀት ላይ የሚያሰምሩትን መሥመር ሳይ፣ ከዚህ በላይ የለም፣ ከዚህ በላይም የለም እያሉ ሲወርዱ፣ ሁለቱ አሉታዎች መመሳሰላቸው አስገረመኝ፤ ጥቂት ቆይቼም አለመመሳሰላቸው የበለጠ አስገረመኝ። የእነርሱ «የለም» እያንዳንዱ አንድ ነገር ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ወይ እንግዳው ይያዛል ወይ ቤቱ ባዶ ይሆናል። የቅዳሴው «አይታይም» ግን ምንም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ቢኖር የተናጋሪውን ድፍረት ነው። ሆኖም ሁለቱም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ከቤቱ ጩኸት ሁሉ እንዲወጣ፣ ድንጋዩ እንዲቀዘቅዝ፣ ከገዛ እጅ የሚመጣውም ድምፅ ተለይቶ እንዲታወቅ። ይህን ያላደረገ ሰው ዝምታ ሰማሁ ቢል፣ የሰማው ዝምታ ሳይሆን የራሱን ድካም ነው።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ዳዊታቸው ከወንድሜ ጋር ነው፤ አምፖሏ ግን፣ ማን እንዳስቀመጣት አላውቅም፣ ከእናቴ ሣጥን ውስጥ በጥጥ ተጠቅልላ ተገኝታ ለእኔ ደርሳለች። ብርጭቆዋ ከውስጥ በኩል እንደ ጢስ ጠቁሯል፤ ይህም ከክሯ እየተነነ የሄደ ተንግስተን ነው። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ስወዘውዛት ያ ቀጭን ድምፅ ዛሬም አለ። ከጸሎት በኋላ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ሲቀመጡ፣ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ እሳቸው የሚሰሙት ነገር ነበረ ወይስ ጉልበታቸውን ያሳርፉ ነበር? አንድ ቀን እጠይቃቸዋለሁ እያልሁ፣ ያችን ዝምታ ማቋረጥ ፈርቼ፣ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።